በጃርት እሾህ የታጠረው የገደል አፍ

ተረት ልነግራችሁ ነውና ቀረብ በሉ። ሥራ ያለው ሥራውን እየሠራ ይስማኝ፤ ሥራ የሌለው ዝም ብሎ ይስማኝ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳቱም ድንጋዩም በሚናገሩበት ዘመን፣ በአንድ ጥልቅ ሸለቆ ውስጥ አንዲት ሽኮኮ ትኖር ነበር። ስሟ ሽኮኪት ነው። ቤቷ በገደሉ ግድግዳ ላይ ካለ ስንጥቅ ውስጥ ነበር። ከገደሉ አናት ላይ ቤተ ክርስቲያን አለ። ሽኮኪት በልጅነቷ ጠዋት ጠዋት ድንጋይ ላይ ወጥታ ፀሐይ ስትሞቅ፣ ተማሪዎቹ ፊደል ሲቆጥሩ ትሰማለች። እነሱ ሲሉ እሷም በልቧ ትላለች። እንዲህ እንዲህ እያለች ፊደሉን ለየች፣ ንባቡን ዘለቀች፣ ጽሕፈቱንም ቻለች። በሸለቆው ውስጥ ከእሷ በቀር የተማረ አልነበረም።

የተማረች ነበረች፤ ግን ዓይን አፋር ነበረች። ሁለት ሆነው ካዩዋት ትሰናከላለች፤ ሦስት ሆነው ካዩዋት ትደበቃለች።

በጋ ሲገባ የሸለቆው ውኃ አንድ ምንጭ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁሉም በተራ ይጠጣ ነበር። ተራውን ጽፋ ጠዋት ጠዋት የምታነብላቸው ሽኮኪት ናት። ከምንጩ ዳር ደግሞ ማንም ማንንም ላይበላ ቃል ተገባብተው ነበር።

በገደሉ ግርጌ አንድ ቀዳዳ አለ። የገደሉ አፍ ይሉታል። ጉንዳን እንኳ መጥታ እዚያ ቀዳዳ ውስጥ ብታንሾካሹክ፣ ገደል ማሚቶ በገዛ ድምፅዋ ከፍ አድርጋ ሦስት ጊዜ ለሸለቆው ሁሉ ትናገራለች። ተናጋሪው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ዝሆን ቢናገር፣ ጉንዳን ብትናገር፣ የሚሰማው የማሚቶ ድምፅ ነው።

«ጎርፍ እየመጣ ነው፤ ልጆቻችሁን አንሡ» ትላለች ማሚቶ። ሁሉም ልጁን ያነሣል።

«የጥንቸል ልጅ ጠፍቷል፤ ቁጥቋጦው ሥር ፈልጉ» ትላለች። ይፈልጋሉ፤ ያገኙታል።

አንድ ቀን ደግሞ፣ «ነብሮ ከምንጩ ዳር አደነ፤ ቃሉን በላ» አለች፤ ሦስት ጊዜ።

ነብሮ የሸለቆው ገዢ ነው። በዚህ ነገር አፍሮ ሦስት ቀን ከዋሻው ሳይወጣ ቀረ። በአራተኛው ቀን ወጣና አማካሪውን ጉሬዛን ጠራው።

«የዚህችን ገደል አፍ ስፋልኝ» አለው።

ጉሬዛም ነጭ ካባውን በትከሻው ላይ እያስተካከለ፣ «ይቆዩ ጌታዬ» አለ። «እኛ ከዘጋነው ይጮሁብናል። ራሳቸው ዝጉልን የሚሉበት ቀን ይመጣል።»

እንግዲህ ያ ቀን እንዴት እንደመጣ ስሙ።

በአንድ በጋ ጠዋት ሽኮኪት ተራ ልታነብ ከምንጩ ዳር ቆመች። የዚያን ቀን እንስሳቱ በዝተው ነበር። «አንደኛ ከ... ከ... ከርከሮ» አለች። ድምፅዋ ቀጠነ፤ ጭራሽም ጠፋ።

ሚዳቋ ተጫዋች ነበረች። ልጇን ከጎኗ አቁማ፣ «ምነው እመት ጸሐፊ፣ ድምፅሽንም ከጅራትሽ ጋር እቤት ረስተሽው መጣሽ?» አለቻት።

ሽኮኮ ጅራት የላትምና ሁሉም ሳቀ። ከርከሮ መሬት ላይ ተንከባሎ ሳቀ። ጦጣዎች ከዛፍ ሊወድቁ ደረሱ። ሽኮኪትም እንደምንም ፈገግ አለች፤ ዝርዝሩንም አንብባ ጨረሰች። ሚዳቋ ውኃዋን ጠጥታ ስትሄድ፣ «ደግሞ እንዳትቀየሚኝ» አለቻት። «አልቀየምም» አለች ሽኮኪት።

ግን ወደ ቤቷ ስትገባ ፊቷ እሳት ሆኖ ነበር። ሳቁ ከጆሮዋ አልወጣ አለ። እኩለ ቀን ላይ፣ ሁሉም በየጥላው ሲተኛ፣ ወረደች። ግራ አየች፤ ቀኝ አየች። አፏን ወደ ገደሉ አፍ አስጠጋች።

«የሚዳቋ ሰኮና ታሟል። በሽታው በውኃ ይተላለፋል» አለች።

ይህችን ብቻ ነው ያለችው። ማሚቶ ግን ሦስት ጊዜ አለችው፤ ለሸለቆው ሁሉ።

ሽኮኪት በልቧ፣ አንድ ቀን ይስቁባታል፣ በነጋታው ይረሱታል ብላ ነበር። በነጋታው ግን አልሳቁም፤ አልረሱምም።

በመጀመሪያው ቀን ሚዳቋ ልጇን ይዛ ወደ ምንጩ መጣች። ከርከሮ መንገዱ ላይ ቆመ። «አንቺ እህቴ፣ ለልጆቻችን እዘኚ፤ ዛሬ ይቅርብሽ» አላት። ተመለሰች።

በሁለተኛው ቀን መጣች። ጦጣዎች ከዛፍ ላይ ድንጋይ ወረወሩባት። ተመለሰች።

በሦስተኛው ቀን መጣች። ከሩቅ ቆማ አራቱንም እግሯን በየተራ አነሣች። «ኑና እዩት፤ ሰኮናዬ ደኅና ነው። ከዓይናችሁ በላይ ምን ምስክር ትፈልጋላችሁ?» አለች።

ማንም አልቀረበም። ለማየት መቅረብ ያስፈልጋል፤ የሚቀርብ ደግሞ ይያዛል ብለው ፈርተዋል። ከርከሮ ወደ ሽኮኪት ዞሮ፣ «ስሟን ዝለይው» አላት።

ሽኮኪት ዝርዝሩን ይዛ ቆማ ነበር። እውነቱን የምታውቅ እሷ ብቻ ነበረች። አፏን ከፈተች፤ ሁሉም ሲያያት ግን መልሳ ዘጋችው። ስሟን ዘለለችው።

ሚዳቋም ልጇን ይዛ ወደ ሩቁ ወንዝ ወረደች። በዚያ ወንዝ አዞ አለ። እናትም ልጅም አልተመለሱም።

ወሬው ሲሰማ ሸለቆው ደነገጠ። ሄደው ያዩት አሞራዎች፣ የወንዙ ዳር ላይ የቀረው እግሯ ሰኮናው ንጹሕ ነበር ብለው ተናገሩ። ያን ጊዜ ሁሉም፣ «ማን ነው ያለው? ማን ነው ያለው?» ተባባለ።

ነብሮም አውጫጭኝ ጠራ። የአገሩ ልማድ ነው፤ ጥፋት ተሠርቶ ጥፋተኛው ሲታጣ፣ አገሬው ሁሉ በአንድ ሜዳ ይታገዳል። ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤት የለም፤ ወደ ውኃም የለም።

በመጀመሪያው ቀን ገደል ማሚቶን ጠየቋት። «ያን ቃል የነገረሽ ማን ነው?»

«እኔ ቃል እመልሳለሁ እንጂ ፊት አላይም» አለች ማሚቶ። «የነገራችሁኝን ነገርኳችሁ። ሰኮናዋን እንድታዩ ዓይን የተሰጣችሁ እናንተ ናችሁ።»

በሁለተኛው ቀን አንድ በአንድ ማሉ። ከርከሮ ማለ፤ ጦጣዎች ማሉ፤ ቆቅ ማለች። የማለውን ሁሉ ስሙን የምትጽፈው ሽኮኪት ነበረች። የምትጽፍ ስለነበረች ማንም እሷን «አንቺም ማይ» አላላትም።

በሦስተኛው ቀን የሁሉም ከንፈር ተሰነጠቀ። ግልገሎች ከእናታቸው ሥር ተጋደሙ። ያን ጊዜ ከርከሮ ተነሣና፣ «ከሚዳቋ ጋር ጠብ የነበረው ማን ነው?» አለ።

«ጃርት» አሉ። ጃርትና ሚዳቋ ጎረቤታሞች ነበሩ፤ ሥር በሚቆፍርበት ቦታ እየገባች ትረግጥበት ስለነበር ተጣልተው ያውቃሉ።

ጃርት ነገሩን ሁሉ በቀልድ የሚመልስ እንስሳ ነበር። ጥሙም ቀልዱን አላስጣለውም። «ተጣልተናል፤ አልክድም» አለ። «ግን ጎረቤቴን ልውጋ ብል ገደል ምን ያደርግልኛል? በጀርባዬ የተሸከምኩት ምን ሊሆን ነው?»

ብቻውን ሳቀ።

«ሰማችሁ?» አለ ከርከሮ። «መውጋት አለ። ከገዛ አፉ ወጣ።»

«ቀልድ ነው እኮ፣ ወንድሜ።»

«እናት ከነልጇ ሞታ ቀልድ አለ?»

ጃርት ዙሪያውን አየ። የሚስቅ የለም። የሁሉም ዓይን ወደ ምንጩ ነበር። አንዱ፣ «እሱ ነው» አለ። ሌላው፣ «እሱ ነው» አለ። ወዲያው ሜዳው ሁሉ፣ «እሱ ነው፤ እሱ ነው፤ እንሂድ ወደ ውኃ» አለ።

«ጻፊ» አላት ነብሮ።

ሽኮኪት አየችው፤ ጃርትም አያት። ጻፈች።

እንዲህ ተፈረደበት። እሾሁ አንድ ሳይቀር ከነሥሩ ተነቀለ። ራቁቱን በገደሉ ሥር ካለች ጉድጓድ ውስጥ ተጣለ። በተነቀለው እሾህም የገደሉ አፍ ዙሪያውን ታጠረ። አንዲት ጠባብ በር ብቻ ተተወች፤ በበሩ ላይ ከርከሮ ቆመ፤ ከበሩ በላይ ባለው ቅርንጫፍ ጉሬዛ ተቀመጠ።

ጉሬዛም አገሬውን ሰብስቦ ተናገረ። «ስም የሌለው ቃል ምን እንዳደረገ አያችሁ። እንግዲህ ሕግ ያስፈልገናል። የመጀመሪያው ቃል ይህ ነው፦ ለገደሉ የሚናገር ሁሉ አስቀድሞ ስሙን ይናገር።»

«ይበል» አሉ። መልካም ነገር ነውና ያልተስማማ አልነበረም።

«ሁለተኛው ቃል፦ ለገደሉ የሚነገር ሁሉ አስቀድሞ ለእኔ ይነገር። ለሸለቆው የሚጎዳ ከሆነ እመልሰዋለሁ።»

«ይበል» አሉ፤ ግን ጥቂቶች ዘገየት ብለው ነው ያሉት።

«ሌላ የሚጨምር አለ?» አለ ጉሬዛ።

ያን ጊዜ ሽኮኪት፣ በጉባኤ ፊት ሳትጠየቅ ተናግራ የማታውቀው ሽኮኪት፣ ቀና አለች። «ፍርድ የተሰጠበትን ነገር የሚያነሣ ቃል ግን... እንዳያልፍ ቢደረግ። ቁስል እንዳይነካካ ብዬ ነው» አለች።

ጉሬዛ ረጅም ጊዜ አያት። ከዚያም፣ «የተማረ እንዲህ ነው» አለ። «ሦስተኛው ቃል ይሁን። ጻፊው።»

በገዛ እጇ በድንጋይ ላይ ጻፈችው። የዚያን ቀን ቤቷ ገብታ በሰላም ተኛች። በነጋታው ግን እንቅልፍ እምቢ አላት።

አንድ ዓመት አለፈ። ቆቅ ወደ በሩ መጣች። «ለገደሉ የምነግረው አለኝ» አለች።

«ስምሽ?» አለ ጉሬዛ።

«ቆቅ።»

«ነገርሽ?»

«ነብሮ ከምንጩ ዳር አድኖ ልጆቼን በላብኝ።»

«ጎጆሽ የት ነው?»

ነገረችው። «ቃልሽ ይመረመራል፤ ሂጂ» አላት። በሳምንቱ ጎጆዋ ባዶ ነበር፤ እሷም የለችም። ሽኮኪት ይህን አየች። ነገ እናገራለሁ አለች። አልተናገረችም።

ሁለተኛው ዓመት መጣ። ድኩላ ወደ በሩ መጣ። ስሙን ተናገረ፤ ጥጃው የተበላበትን ቀን ተናገረ። «ቃልህ ይመረመራል» ተባለ። ክረምቱን ሙሉ በበሩ ቆመ። እግሩ ሲደክም ተኛ፤ ተኝቶም ቀረ። ሽኮኪት ይህንንም አየች። ነገ እናገራለሁ አለች። አልተናገረችም።

ሦስተኛው ዓመት መጣ። ጥንቸል እየሮጠች ወደ በሩ መጣች። እሾሁን አየች፤ ከርከሮን አየች፤ ቀና ብላ ጉሬዛን አየች።

«ምን ልትነግሪ ነው?» አላት።

«ምንም። አየሩ ጥሩ ነው ልል ነው» አለች ጥንቸል።

«ይህስ ያልፋል» አለ ጉሬዛ። ማሚቶም ሦስት ጊዜ፣ «አየሩ ጥሩ ነው» አለች። ጥንቸል እንባዋን እየጠረገች ተመለሰች።

ከዚያ ወዲህ ማሚቶ ጠዋት ጠዋት ሦስት ነገር ብቻ ትናገር ነበር። «አየሩ ጥሩ ነው። ምንጩ ሙሉ ነው። ነብሮ ደኅና አድሯል።» እንስሳቱም ለመዱት። ቆይቶም ማሚቶ ያላለችውን ነገር ማመን ተዉ። በዓይናቸው ያዩትን እንኳ፣ «ገደሉ ብሎታል?» ይባባሉ ጀመር።

ሽኮኪት ግን በየቀኑ አንድ ነገር ታደርግ ነበር። ሥር ቆፍራ ለጃርት ትወስድለታለች። የጉድጓዱ ጠባቂዎች ጸሐፊ ናት ብለው አይከለክሏትም።

«ምነው እመት ጸሐፊ፣ እኔን መቀለብ ከሕጉ ውስጥ ተጽፏል እንዴ?» ይላታል ጃርት።

«ዝም ብለህ ብላ፣ አያ ጃርቶ።»

«ስንተኛው ቃል ነው? አራተኛው?» ይልና ይስቃል። ሲስቅ ያስለዋል። ራቁቱን ሦስት ክረምት ዝናብ መቶታልና ሳሉ ከደረቱ ወርዶ ከሆዱ ገብቷል።

አንድ ቀን፣ ክረምቱ ወጥቶ በጋው ሲጀምር፣ ያመጣችለትን ሥር አልበላ አለ። በጎኑ ተኝቶ ነበር።

«ቁጭ በይ» አላት። «ዛሬ ቀልድ የለም። እኔ ከእንግዲህ ጥቂት ቀን ነው የቀረኝ። ለራሴ አላዝንም፤ ኖሬአለሁ። ልጆቼን ግን የውሸታም ልጆች ይሏቸዋል። ተራቸው ከሁሉ በኋላ ነው። እነሱ ሲደርሱ ምንጩ ጭቃ ሆኗል። ታናሿ ከጭቃው ታማ ተኝታለች አለችኝ ሚስቴ።»

ሽኮኪት ተራውን የምታነበው እሷ ናትና ይህን ታውቃለች። ከመጨረሻ ያደረጋቸው ነብሮ ነው፤ ከመጨረሻ የጻፈቻቸው ግን እሷ ናት።

«በዚህ ሸለቆ እንዳልተናገርኩ ከልብሽ የምታምኚ አንቺ ብቻ ነሽ፤ ከዓይንሽ አውቀዋለሁ» አላት ጃርት። «የተማርሽ ነሽ። ወደ በሩ ሄደሽ አንዲት ቃል አስብይልኝ። ጃርት አልተናገረም ይበል ገደሉ። ከመሞቴ በፊት ልስማውና ልጆቼ ንጹሕ ውኃ ይጠጡ።»

«እሄዳለሁ» አለች።

«መቼ?»

ነገ ልትል አፏን ከፍታ ነበር። «አሁን» አለች።

ወጣች፤ ሄደች። ከእሾሁ አጥር ፊት ቆመች።

«ለገደሉ የምነግረው አለኝ» አለች።

ጉሬዛ ከቅርንጫፉ ጎንበስ አለ። «ስምሽን አውቀዋለሁ፤ ቢሆንም ሕግ ነውና ተናገሪ።»

«ሽኮኪት።»

«ነገርሽ?»

«ጃርት አልተናገረም። የሚዳቋ ሰኮና ታሟል ያልኩት እኔ ነኝ። ስቃብኝ ስለነበር ነው። ትሞታለች ብዬ አይደለም፤ ግን የገደልኳት እኔ ነኝ።»

ሦስት ዓመት ሙሉ በአንገቷ ውስጥ እንደ አጥንት የተቀረቀረው ቃል ወጣ። ሰማይ የሚወድቅባት መስሏት ዓይኗን ጨፈነች። ሰማዩ አልወደቀም። ጉሬዛ ከርከሮን፣ «አንተ ሂድና ውኃ ጠጣ» ሲለው ሰማች። ከርከሮ ሄደ።

ጉሬዛ ከዛፉ ወርዶ በጠባቡ በር ላይ ተቀመጠ። «ሦስተኛውን ቃል እስቲ አንብቢልኝ» አላት፤ ወደ ድንጋዩ እያሳየ።

«ፍርድ የተሰጠበትን ነገር የሚያነሣ ቃል አይለፍ።»

«ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኝ፣ አባ ጉሬዛ። ግን ይህ እውነት ነው።»

«ሐሰት ነው አላልኩሽም። ያን ቀን፣ ማንም ያልጠየቀውን ሕግ አንቺ ስታመጪ፣ ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ጥፋት የሌለበት ጉሮሮ እንደዚያ አይደርቅም።»

ሽኮኪት ቀና ብላ አየችው። «ያውቁ ነበር? አውቀው ጃርትን...»

«ጃርት ቀድሞ ተፈርዶበት ነበር። እሾሁም ተነቅሎ ነበር። የተነቀለ እሾህ ተመልሶ አይተከልም፤ አጥር ግን ይሠራበታል።» ካባውን አራገፈ። «አሁን አንቺ ልናገር ትያለሽ። ብትናገሪ ምን ይሆናል? ይህ አጥር በሐሰት ተሠራ ይባላል። በሐሰት የተሠራ አጥር ይነቀል ይባላል። ከዚያ የቆቅ ዘመዶች አሉ፤ የድኩላ ልጆች አሉ። ሁሉም ይናገራል። አንቺም ትሞቻለሽ።»

«ልሙት።»

«አትሞችም። ጸሐፊ አንድ ብቻ ነው ያለን» አለ ጉሬዛ፤ ድምፁም ክፉ አልነበረም። «ሂጂ፤ ነገ ተራ ታነቢያለሽ።»

ሽኮኪት ወደ ገደሉ ጮኸች። «እማማ ማሚቶ፣ አንቺ ሰምተሽኛል። ዘመኔን ሁሉ በስንጥቅሽ ውስጥ ኖሬአለሁ። ተናገሪልኝ።»

«ልጄ፣ አፌ ታጥሯል» አለች ማሚቶ፤ ከሩቅ እንደሚሰማ ሰው ድምፅዋ ቀጥኖ። «ከእሾሁ ውጭ የተባለውን ብሰማውም አፌ ውስጥ ካልገባ ልመልሰው አልችልም።»

ሽኮኪትም ወደ ጃርት ተመለሰች። ትንፋሹ አጭር አጭር ሆኖ አገኘችው።

«አለችው?» አላት። «ሳልሰማው አመለጠኝ?»

«አላለችውም። አላሳለፉኝም።» ከአጠገቡ ተንበረከከች። በጉድጓዱ ውስጥ ከእሱ በቀር የሚያያት አልነበረም፤ ግን በሜዳ ሙሉ እንስሳ ፊት የቆመች ያህል አፈረች። «አያ ጃርቶ፣ ያን ቃል የተናገርኩት እኔ ነኝ።»

ጃርት ቀስ ብሎ ያመጣችለትን ሥር በእግሩ ገፋው።

«ሦስት ዓመት ሙሉ ቀለብሽኝ» አለ።

«አዎ።»

«እኔም ሦስት ዓመት ሙሉ መረቅሁሽ።»

«ይቅር በለኝ አልልህም፤ ግን ነገርኩህ» አለች።

«ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» አለ ጃርት። «እኔ እንዳልተናገርኩ እኔ ድሮም አውቃለሁ። የማላውቅ መስሎሽ ነው የነገርሽኝ? ለሚያውቀው ነገርሽ፤ የማያውቁት ውጭ ናቸው።»

ሌላ ነገር ሊጨምር ፈልጎ ነበር፤ ሳሉ አላስጨረሰውም። ፀሐይ ከገደሉ ጀርባ ሳትዞር ሞተ።

በነጋታው ጠዋት እንስሳቱ እንደ ወትሮው በምንጩ ዳር ተሰበሰቡ። ከርከሮ መጣ፤ ጦጣዎች መጡ፤ ጥንቸል መጣች። የጃርት ሚስት ከልጆቿ ጋር ከሁሉ ኋላ ቆመች። ባሏ መሞቱን ሰምታ ነበርና ዓይኗ አብጧል። ታናሿን በጀርባዋ አዝላለች።

ሽኮኪት ወጥታ ድንጋይ ላይ ቆመች። ሁሉም አያት። እሷም ሁሉንም አየች። ዝርዝሩን አላነበበችም።

«ሚዳቋ ሰኮናዋ አልታመመም ነበር» አለች። «ለገደሉ የነገርኩት እኔ ነኝ። በአውጫጭኙ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ። ጃርት በእኔ ቃል እሾሁ ተነቀለ፤ በእኔ ዝምታ ሞተ። የፈለጋችሁትን አድርጉኝ። ልጆቹን ግን ከመጀመሪያ አጠጧቸው።»

የምንጩ ውኃ ሲንጠባጠብ ይሰማ ነበር። ከርከሮ መሬቱን በአፍንጫው ጫረ። ጦጣዎች እርስ በርሳቸው ተያዩ። የጃርት ሚስት ከኋላ ተናገረች።

«ገደሉ ብሎታል?»

«አላለውም» አለች ሽኮኪት።

«ታዲያ ገደሉ ያላለውን ለልጆቼ ምን ላድርግላቸው?» አለች የጃርት ሚስት። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ድካም ብቻ ነበር። «ዛሬ አምነውሽ ቢያስቀድሙን፣ ነገ ያስቀደማችሁ ማን ነው ሲባል ሁሉም ይክደናል። ብቻችንን እንቀራለን። ተዪን፣ እመት ጸሐፊ። ጭቃውን ለምደነዋል።»

ሽኮኪት ወደሌሎቹ ዞረች። ሚዳቋን ከውኃ የመለሷት፣ ድንጋይ የወረወሩት፣ «እሱ ነው» ያሉት ሁሉ እዚያ ነበሩ። አንዱም ዓይኗን አላያትም። ሊወግሯት እንኳ የተነሣ የለም።

ያን ጊዜ ከገደሉ በኩል ማሚቶ ሦስት ጊዜ፣ «አየሩ ጥሩ ነው። ምንጩ ሙሉ ነው። ነብሮ ደኅና አድሯል» አለች።

ጥንቸልም ጉሮሮዋን ጠረግ አድርጋ፣ በቀስታ ጠየቀች።

«ተራው የማን ነው?»

ተረቱ ይኸው ነው፤ የሰማችሁ ለሌላው አድርሱት፤ ስታደርሱትም ከማን እንደሰማችሁ አብራችሁ ንገሩ። ስም ያጣ ቃል ሚዳቋን ገደለ፤ በር የተዘጋበት ቃል ጃርትን ገደለ፤ ሁለቱም ቃል ግን ከአንዲት ሽኮኮ አፍ የወጣ ነበር። ሐሰቱን በተናገረበት ቀን እውነቱን ያልተናገረ፣ ዘግይቶ ቢናገር የሚሰማው አያገኝም።